ለጎሬ ብርድ የሚሆን ዘይት

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄን ቀሚስ ላሳጥር ገበያው ዳር ካለ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄጄ ነበር። ወጣት ነው፤ ጆሮው ላይ የስልክ ገመድ ሰክቶ ነው የሚሰፋው። ማሽኑ ሲንቋረርበት አቆመና ከመሳቢያው ትንሽ ጠርሙስ አወጣ፤ ከመርፌው በላይ ሁለት ጠብታ አንጠባጠበ። ሽታው እኔ ጋ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ቀለል ያለ፣ ንጹሕ፣ ትንሽ ምሬት ያለው ሽታ ነው፤ ሌላ ሰው ልብም አይለው። እኔ ግን ቀሚሱን እንደታቀፍኩ ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። «እትዬ፣ አመመዎት እንዴ?» አለኝ። «አላመመኝም። ሦስተኛ ጠብታ እንዳትጨምር ብቻ።» ልጁ ጠርሙሱን እንደያዘ አየኝ። ሊጨምር እንደነበር አፉ ሳይሆን ዓይኑ ነገረኝ። ቀሚሱ እስኪያልቅ ድረስ ከእሱ ጋር አልነበርኩም፤ አርባ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ወደነበረው የቆርቆሮ አዳራሽ ሄጄ ነበር።

ያን ጊዜ መቱ አዲስ ሹመት የተቀበለች ከተማ ነበረች። የኢሉባቦር ዋና ከተማነት ከጎሬ ተነሥቶ ለእሷ ከተሰጠ ገና ብዙ አልቆየም፤ ጎሬዎች ደግሞ የሚረሱ ሰዎች አይደሉም። የመቱ ሰው ጎሬ ወጥቶ ሻይ ካዘዘ ስኳሩ ይቀነስበታል ይባል ነበር። ሻይ ዐሥር ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖም ዐሥር ሳንቲም ነበር፤ በስሙኒ ሁለቱን በልቶና ጠጥቶ አምስት ሳንቲም መልስ ይዞ መውጣት ይቻላል። ወጣቶቹ እግሩ እንደ ደወል የሰፋ ሱሪ ይለብሱና በዚያ ሁሉ ዝናብ ጭቃውን እየጠረጉ ይሄዳሉ። እኛ ሴቶቹ ኮንጎ ጫማ እናደርጋለን፤ ጭቃ አይገባው፣ ውኃ አይገባው፣ ሲሞቅ ግን እግርን እንደ ድንች ይቀቅላል። ከሐጂ ሻይ ቤት ሬዲዮው ሲዘፍን ውሎ ሲያመሽ መንገዱ ሁሉ አብሮ ያዜማል፤ ዜና ሲመጣ ድምፁ ይቀንሳል፣ ዘፈን ሲመለስ ይጨምራል። የዚያን ጊዜ ሰው ስለ ዜናው ብዙ አይናገርም ነበር። እኔም አሁን አልናገርም።

እኔ የአዳራሹ ጽዳት ሠራተኛና የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ያዥ ነበርኩ። አዳራሹ የከተማው የኪነት ቡድን የሚለማመድበት ነው፤ ጥግ ላይ በአንድ ቁም ሳጥን የሚያልቅ ቤተ መጻሕፍትም ነበረው። ሀ ብዬ ፊደል ስጀምር ሃያ አራት ዓመት ሞልቶኛል። በመሠረተ ትምህርቱ ዘመቻ፣ ከእኔ በዐሥር ዓመት በምታንስ ልጅ እጅ ነው የተማርኩት። ከዚያ በፊት ደመወዜን በአውራ ጣት ነበር የምቀበለው፤ ጣቴን ከቀለሙ አንሥቼ ወረቀቱ ላይ ስጫን ገንዘብ ያዡ አንድ ቀን እንኳ ፊቴን አይቶኝ አያውቅም። ፊደል ከለየሁ በኋላ የማታ ትምህርት ቤት ገባሁ፤ ይህ የምነግራችሁ ሲሆን ሰባተኛ ክፍል ደርሻለሁ። ልጅ ሆኖ የተማረ ሰው ሲያነብ ይዘላል። ዘግይቶ የተማረ አይዘልም፤ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን የፋብሪካውን አድራሻ እንኳ ሳይጨርስ አያስቀምጥም። ቶሌራ በዚህ ይስቅብኝ ነበር። «ዓለሚቱ የሳሙና መጠቅለያ ስታነብ ሳሙናው ያልቃል» ይላል።

ቶሌራ የቡሬ ልጅ ነው፣ ትሮምቦን ነፊ፤ አፍሮው ከበር የሚቀድመው ቀልደኛ። የቡድኑ አለቃ ጋሼ ዘርጋው ነበሩ። በወጣትነታቸው ጦር ሠራዊት ውስጥ ትራምፔት ነፍተዋል፣ እዚያ ግን መሣሪያ ማጽዳትና ዘይት መቀባት የሌላ ወታደር ሥራ ነበር፤ ልጅ የላቸው፣ ሚስታቸው ሞታለች፤ ካኪያቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ጫማቸው በዚያ ጭቃ መሀል የሚያበራ ነው። ሁለት ትራምፔትና አንድ ትሮምቦን ለመቱ በተላኩ ቀን ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ሲከፍቱ አይቻለሁ። ውስጡ ቀይ ከፈይ ነው፤ ናሱ ከፈዩ ላይ እንደተኛ ሕፃን ጋደም ብሏል። ጋሼ ዘርጋው አላነሡትም፤ መጀመሪያ እጃቸውን ሊታጠቡ ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ሲነፉ መጥረጊያዬን ይዤ አንድ ቦታ ሁለቴ እጠርግ ነበር።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ትራምፔት ሦስት ጣት የሚረግጣቸው ሦስት ፒስተኖች አሉት፤ ቧንቧቸው ውስጥ እንደ ዓይን ሽፋሽፍት ፈጥነው ሊወርዱና ሊወጡ ይገባል። አንዱ ከዘገየ ዜማው ይሰናከላል። ትሮምቦን ደግሞ ፒስተን የለውም፤ ረጅም ክንድ አለው፣ ተስቦ ይወጣል፣ ተገፍቶ ይገባል። ይህ ሁሉ ናስ በናስ ላይ ነው የሚሄደው፤ ማለስለሻ ይፈልጋል። ከመሣሪያዎቹ ጋር የመጣችው የዘይት ብልቃጥ በሁለት ወር አለቀች። ሌላ ቢጠየቅ «ተመዝግቧል» የሚል መልስ መጣ። ጋሼ ዘርጋው አልተጨነቁም። ቅዳሜ ገበያ ወጡና በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ ገዝተው ተመለሱ።

«ቅቤ ያላለሰለሰው ምን አለ? ራስ ይቀባል፣ ቆዳ ይቀባል፣ የሙሽራ ገላ ይቀባል» አሉ።

እውነትም ሠራ። መቱ ሞቃት ናት፤ አዳራሹ ደግሞ በሰው ትንፋሽ ይግላል። ፒስተኖቹ ይንሸራተታሉ፣ ክንዱ ይሮጣል። ቤቱ ትንሽ እንደ እርጎ ቤት መሽተቱን ከእኔ በቀር ማንም አላነሣውም። እኔም አለቃ አይደለሁም።

ሐምሌ ውስጥ ጎሬ ላይ የኪነት ውድድር ተጠራ። በጭነት መኪና ጎህ ሲቀድ ወጣን፤ ጎሬ ከላይ ናት፣ ከጫካው በላይ፣ ጉም ውስጥ። ሜዳው ላይ ስንደርስ ትንፋሻችን ይታይ ነበር። ሕዝቡ በጋቢና በካፖርት ተጠቅልሎ ተሰብስቧል፤ መቱዎች ዋና ከተማነቱን እንዴት እንደያዙት ሊያይ መጥቷል። ጋሼ ዘርጋው ትራምፔቱን ወደ ከንፈራቸው አነሡ፣ ጣታቸውን ረገጡ። ፒስተኑ ወረደ። አልወጣም። ሁለተኛውን ረገጡ፤ እሱም ወርዶ ቀረ። ቅቤው ረግቷል። ቶሌራ የትሮምቦኑን ክንድ ሊስብ ቢታገል ከነአካሉ ዞረ፤ ወደ መሣሪያው ጎንበስ ብሎ «ማል ታቴ?» አለው፤ ምን ሆነሃል ማለቱ ነው።

ከዚያ የሆነውን መቱ ውስጥ ለዓመታት ማንም በስሙ አልጠራውም፤ «ያ ቀን» ነበር የሚባለው። አንዲት ሻይ ሻጭ ከሰል አንድዳ ነበር። ቶሌራ ትራምፔቶቹን ወስዶ ከሰሉ ላይ አሞቃቸው። ቅቤው ቀለጠና በየቀዳዳው መንጠባጠብ ጀመረ፤ ከሰሉ ጨሰ፣ ሜዳው ሙሉ የተነጠረ ቅቤ ሸተተ። ጋሼ ዘርጋው ሲነፉ መጀመሪያ የወጣው ድምፅ ሳይሆን ቅቤ ነበር፤ በተተኮሰው ካኪያቸው ላይ ወረደ። ሁለተኛው መስመር ላይ ሳይደርሱ እንደገና ረጋ። ከሕዝቡ መሀል አንዱ «ዸዻ በቅሳ» ብሎ ጮኸ፤ ቅቤውን አቅልጡት ማለት ነው። ከዚያ ጎሬ በሙሉ በአንድ አፍ ያንኑ አለ።

በነጋታው የኪነት ጉዳይ ኃላፊው አዳራሹ መጣ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። «ለመስከረሙ በዓል ክፍለ ሀገሩ በሙሉ እዚያው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ያን ቀን ከነፉ ነፉ። ካልነፉ መሣሪያዎቹን ይዘን አንመለስም፤ እዚያው ለጎሬ ይቀራሉ» አለ። ጋሼ ዘርጋው «ይገባል» ብቻ አሉ። ከወጣ በኋላ ትራምፔቱን ከፈዩ ላይ አስተኝተው ክዳኑን ዘጉና እጃቸውን ክዳኑ ላይ አሳረፉ። ያለዚያ ሳጥን ጋሼ ዘርጋው የአዳራሽ ዘበኛ ናቸው፤ እኔም ባዶ ቤት ጠራጊ ነኝ። ያን ማታ ይህን እያሰብኩ አዳራሹን ሳልጠርግ ዘግቼ ወጣሁ።

ሳጥኖቹን እንዳጸዳ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። ቅቤው ከፈዩ ውስጥ ገብቶ ሻግቷል። ከፈዩን ገለጥ ሳደርግ ከሥሩ የታጠፈች ወረቀት አገኘሁ። ለማንም አዲስ አልነበረችም፤ መሣሪያዎቹ ሲመጡ ኃላፊው አይቷት «የዋስትና ወረቀት ናት፣ እዚያው ትቀመጥ» ብሎ ነበር። ግን አላነበባትም። እኔ ደግሞ የሳሙና መጠቅለያ የማነብ ሰው ነኝ። እንግሊዝኛ ናት። ከቁም ሳጥኑ መዝገበ ቃላቱን አውርጄ ቃል በቃል ጀመርኩ። አንድ ገጽ ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። አንዳንዱ ቃል መዝገበ ቃላቱ ውስጥ የለም፤ ያን ጊዜ ከጎኑ ያለውን ሥዕል እያየሁ እገምታለሁ፣ ግምቴን በእርሳስ እጽፋለሁ፣ ሳረጋግጥ በብዕር። ዋስትና አልነበረችም። የማለስለሻ መመሪያ ናት።

ዘጠነኛው ቀን ላይ ሦስት ነገር በብዕር ጻፍኩ። ለፒስተን ስስ ዘይት፣ ጥቂት ጠብታ፣ አስቀድሞ በሳሙና ውኃ ታጥቦ። ለትሮምቦን ክንድ ዘይት ሳይሆን ክሬም፣ በላዩ ውኃ የተረጨበት። ድምፅ ለማስተካከል ለሚሳቡት ትንንሽ ቧንቧዎች ደግሞ ወፍራም፤ እነሱ እንዲሮጡ ሳይሆን ባሉበት እንዲቆዩ ነው የሚፈለገው። እኛ ለሦስቱም አንድ ቅቤ ነበር የቀባነው። ወረቀቷ ግን ዘይቱን ከየት እንደምናገኝ አትናገርም፤ የምትጠራው በፋብሪካው ስም ነው፣ ፋብሪካው ደግሞ ባሕር ማዶ።

ዘይት ፍለጋው ሲሰማ ከተማው ሁሉ ባለሙያ ሆነ። የጭነት መኪናው ሾፌር «ፒስተን ካላችሁ የሞተር ዘይት ነው፣ ሌላ አትድከሙ» አለ። አንድ ሚሊሻ የጠመንጃ ዘይት አመጣ። ሌላው የፍሬን ዘይት። ወይዘሮዎቹ የኑግ ዘይት ይሻላል አሉ፤ ጎሬዎችም የሚቀቡት ኑግ ነው የሚል ወሬ ነበር። ልብስ ሰፊው ሸምሱ፣ ከስልጤ መጥቶ ከአዳራሹ ፊት ለፊት ባለ ሱቅ በረንዳ ላይ ማሽኑን የዘረጋ ዝምተኛ ሰው፣ ምንም ሳይናገር ከማሽኑ ዘይት ግማሹን በብልቃጥ ሰጠኝ። «ማሽኔን ቅቤ ቀብቼው ቢሆን ኖሮ እስካሁን በእጄ ነበር የምሰፋው» ያለው ስሄድ ነው።

አዳራሹ ውስጥ የተሰበሩ የመስኮት መስታወቶች ነበሩ። አንድ ዓይነት ቁመት ያላቸውን መርጬ ግድግዳው ላይ አስደገፍኳቸው፤ ከላይ ከእያንዳንዱ አንድ ጠብታ አድርጌ ታች እስኪደርስ ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ፣ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ለሰባት ቀን፣ ጠዋትና ከሰዓት። የሞተር ዘይቱ እንደ ሹም በእርጋታ ነው የሚወርደው። የፍሬን ዘይቱ የግድግዳውን ቀለም አንሥቶ ጣለው፤ ወዲያው ወደ ውጭ አወጣሁት። የጠመንጃ ዘይቱ ደህና ነበር፤ ጠዋት ግን ይወፍራል። የኑግ ዘይት የመጀመሪያ ቀን ከሁሉም አማረ። በአራተኛው ቀን ጣቴን ሳሳርፍበት ተጣበቀ፤ በሰባተኛው ቀን መስታወቱ ላይ ደርቆ በጥፍር የሚፋቅ ሆነ። የሸምሱ ዘይት ጥሩ ነው፣ ትንሽ ይዘገያል እንጂ። ከዚያ የኩራዙን ላምባ ሞከርኩ። ላምባው እንደ ወሬ ሮጠ፤ ግን ወዲያው ደረቀ፣ መስታወቱን ራቁቱን ትቶት ሄደ። አንዱ ይሮጣል፣ አይቆይም። ሌላው ይቆያል፣ አይሮጥም። ስለዚህ ቀላቀልኳቸው። እኩል በእኩል፣ ሁለት ለአንድ፣ ሦስት ለአንድ፤ ሦስት እጅ ላምባ፣ አንድ እጅ የማሽን ዘይት ላይ ቆምኩ።

ነገር ግን ይህ ሁሉ መቱ ውስጥ ነው። ቅቤውም መቱ ውስጥ ይሠራ ነበር። ስለዚህ አንድ እሑድ በመጀመሪያው አውቶቡስ ጎሬ ወጣሁ፤ ብልቃጦቼን በሙዳይ፣ መስታወቱን በነጠላ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት «ልጄ፣ የማን ፎቶግራፍ ነው?» አሉኝ። መስታወት መሆኑን ሳሳያቸው አዘኑልኝ። ያንን ሜዳ ፈልጌ ጉሙ ሳይነሣ መስታወቱን ከአጥር አስደግፌ ቆጠርኩ። የሸምሱ ዘይት ብቻውን እስከ ሠላሳ አንድ አስቆጠረኝ። ድብልቁ ዐሥራ ሁለት ላይ ታች ደረሰ፤ መቱ ላይ ዐሥራ አንድ ነበር። ከጎሬ ብርድ የተሸነፍነው በአንድ ቁጥር ብቻ ሆነ ማለት ነው። እዚያው ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ያየኝ ካለ የመቱ ሴት ከአጥር ጋር ስትስቅ አይቷል።

የቀሩት ጋሼ ዘርጋው ነበሩ። ደብተሬን ዘርግቼ ነገርኳቸው። አላዩትም።

«ላምባ ለኩራዝ ነው» አሉ።

«ቅቤስ ለወጥ አይደለም ወይ፣ ጋሼ?»

ቶሌራ ከበሮው ኋላ ሄዶ ተደበቀ። እኔም ከአፌ ካመለጠኝ በኋላ ነው የደነገጥኩት፤ በዚያ ቤት ውስጥ ስናገር ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማሁት ያን ቀን ነው መሰለኝ። ጋሼ ዘርጋው ሁለተኛውን ትራምፔት፣ ጎኑ የተሰረጎደውን፣ ገፋ አደረጉልኝ። «ይሄን ውሰጂ። ካበላሸሽው የተበላሸ ነው።»

ፒስተኖቹን ፈታሁ፤ ከውስጣቸው የወጣውን አልገልጸውም። በሳሙና ውኃ አጠብኩ፣ በነጭ ጨርቅ አደረቅሁ፣ ለእያንዳንዳቸው ሦስት ጠብታ አድርጌ መለስኳቸው። ጣቴን ሳሳርፍ እንደ ፌንጣ ዘለሉ። ጋሼ ዘርጋው አፋቸው ላይ አድርገው ነፉ። ድምፅ የለም። ጉንጫቸው እስኪቀላ ነፉ፤ ግድግዳ የነፉ ያህል ትንፋሹ ተመለሰባቸው። ትራምፔቱን አስቀመጡና «ይኸውልሽ ላምባሽ» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ደስታ አልነበረም። ያ ነው ያሳመመኝ። ሰውየው ልክ በመሆናቸው አዝነዋል።

ወረቀቷን እንደገና አነበብኩ፤ ሥዕሉ ሥር አንድ በጣም ትንሽ መስመር ነበረች፣ ስለ ቁጥር የምትል፣ ገምቼ በእርሳስ የተውኳት። ፒስተኖቹን አወጣኋቸው። በእያንዳንዳቸው ጎን ላይ ቅቤው ሸፍኖት የኖረ ቁጥር ተቀርጿል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አንደኛውን በሦስተኛው ቤት አስገብቼው ኖሯል፤ ቀዳዳዎቹ አልገጠሙም። በየቤታቸው መለስኳቸው፣ እርሳሱን በብዕር ደገምኩበት፣ ትራምፔቱን ሰጠኋቸው።

ጋሼ ዘርጋው ሲነፉ መጀመሪያ ቀስ ብለው ነበር። ቀጥሎ ጣታቸው ፈጠነ። ከወጣትነታቸው የሚያውቁት፣ መቱ ውስጥ አንድ ቀን ነፍተውት የማያውቁት፣ ሩጫ የበዛበት የሰልፍ ዜማ ነበር። ጨርሰው ትራምፔቱን ዝቅ ሲያደርጉ ከበረንዳው ላይ የሸምሱ ማሽን መቆሙን ሰማሁ። «ከደብተሩ አንብቢልኝ። ከመጀመሪያው» አሉኝ።

የትሮምቦኑ ክሬም ከእትዬ በላይነሽ መጣ። እትዬ በላይነሽ የቡድኑ ዘፋኝ ናት፤ በዚያ ክሬም በጠፋበት ዘመን አንድ ብልቃጥ የፊት ክሬም በመሐረብ ጠቅልላ ለሠርግ ለሠርግ ብቻ የምታወጣ። ስለምን እንደፈለግነው ስነግራት ቶሌራን ከእግር እስከ አፍሮው አየችው። «የኔ ፊት ሰላሳ ዓመት ተቀብቶ አላማረም፤ የሱ ቱቦ ይሞክረው» ብላ ሰጠችን። ክንዱን ስስ አድርገን ቀባነው፣ እንደሚተኮስ ልብስ ውኃ በአፋችን እፍ አልንበት። ቶሌራ እንደ ድሮው በሙሉ ጉልበቱ ገፋው፤ ክንዱ ከእጁ አምልጦ አዳራሹን አቋርጦ ከበሮው ላይ አረፈ። ለትንንሾቹ ቧንቧዎች የያዮ ማር ነጋዴዎች የሚጥሉትን ሰም ከቫዝሊን ጋር አቅልጬ አደረግሁላቸው። ባሉበት ቆዩ።

የመስከረሙ ቀን ጉሙ ከሐምሌውም የባሰ ነበር። ደስ አለኝ። ሕዝቡ ገና ከጭነት መኪናው ስንወርድ «ዸዻ በቅሳ» እያለ ተቀበለን፤ አንዲት ሴት እንዲያውም ከሰሏን ከነማንደጃው አቀረበችልን። ቶሌራ ኮፍያውን አንሥቶ እጅ ነሣትና እጁን ብቻ ሞቆ ተመለሰ። አስቀድመው ጎሬዎች ነፉ፤ አንዲት አሮጌ ትራምፔት አለቻቸው፣ ነፊው ካፖርቱ ውስጥ ብብቱ ሥር አቅፏት ቆይቶ ነው የሚያወጣት። ጥሩ ነፋ፤ ሁለተኛው ዘፈን ላይ ግን በርዳበት ወደ ብብቱ መለሳት።

ጋሼ ዘርጋው ከመውጣታቸው በፊት ወደ እኔ መጡ። ሰው ሁሉ እያየ ትራምፔቱን ዘረጉልኝ። «ስንት ነበር?»

«ሦስት ሦስት ጠብታ፣ ጋሼ።»

«አራት ብናደርገውስ፣ ለብርዱ?»

«ሦስት።»

«ሦስት» አሉና ቆመው ጠበቁኝ። ዘጠኝ ጠብታ ቆጥሬ አደረግሁ።

ከዚያ በኋላ የነፉትን ልጽፍላችሁ አልችልም፤ ድምፅ በፊደል አይያዝም። የምችለው ያየሁትን ነው። የመጀመሪያው ድምፅ ሲወጣ ለመሳቅ ተከፍተው የነበሩ አፎች እንደተከፈቱ ቀሩ። የጋሼ ዘርጋው ሦስት ጣቶች አይታዩም ነበር፤ የሚታየው ጭጋግ ውስጥ የሚብረቀረቅ ናስ ነው። ቶሌራ ክንዱን እስከ መጨረሻው ዘርግቶ ሲመልሰው ፊት ለፊት የቆሙት ጎንበስ ብለው አሳለፉት። በሦስተኛው ዘፈን ከሰሏን ያቀረበችው ሴት ማንደጃዋን ትታ ትከሻዋን ትነቀንቅ ነበር። አራተኛ አልተመደበልንም፤ ሕዝቡ ግን አላስወረዳቸውም። ጎሬዎች፣ እነዚያ የማይረሱ ሰዎች፣ ለመቱ አጨበጨቡ። ኃላፊው ሦስቱን ሳጥኖች በገዛ እጁ ወደ መኪናችን ጭኖ «ቤታቸው ይግቡ» አለ።

መኪናው ሊነሣ ሲል የጎሬው ትራምፔት ነፊ መጣ። ሸምገል ያለ ሰው ነው፤ ትራምፔቷ ካፖርቱ ውስጥ እንዳለች ነበረች። ለጋሼ ዘርጋው ሰላምታ ሰጠ። «ኑግ ነው የምቀባት። ትጣበቅብኛለች። በብብት ማሞቅ ደግሞ ሰለቸኝ» አለ። ጋሼ ዘርጋው ወደ ጫካው ማየት ጀመሩ። ከደብተሬ ንጹሕ ገጽ ገንጥዬ መኪናው ጎን ላይ አስደግፌ ጻፍኩለት፤ ሦስት እጅ ላምባ፣ አንድ እጅ የስፌት መኪና ዘይት፣ በሳሙና ውኃ ከታጠበ በኋላ፣ ሦስት ጠብታ፣ ፒስተኖቹ ቁጥር አላቸው። ከሥሩ ስሜን ፈረምኩ። ወረቀቱን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ ሲያየው ፊደል እንዳልቆጠረ ገባኝ፤ ዝቅ ባለ ድምፅ ሁለት ጊዜ አነበብኩለት፣ እሱም ቃል ሳይስት መለሰልኝ።

ከጎሬ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወርደን ጋሼ ዘርጋው ወደ እኔ ዞሩ። «በሚቀጥለው ጊዜ በአንቺ ዘይት ነው የሚገጥሙን። አስታጠቅሻቸው እኮ» አሉ።

«በብብት ከሚያሞቅ ሰው ጋር ተወዳድሮ ማሸነፍ ምን ደስ ይላል፣ ጋሼ? ታጥቀው ይምጡና ያን ጊዜ ያሸንፏቸው።»

እትዬ በላይነሽ ሳቀች። ጋሼ ዘርጋው አልሳቁም፤ ሳጥኑን ከፈቱ። በተጫነ መኪና ላይ ቆመው፣ ቶሌራ ወገባቸውን ይዟቸው፣ ከጎሬ እስከ መቱ በዚያ ሁሉ ጫካ መሀል ነፉ። ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ዛፍ እየዘለሉ ሸሹልን፤ ቡና የሚለቅሙ ሰዎች ከጫካው ብቅ ብለው እጃቸውን አነሡልን። ብልቃጧን በሁለት እጄ ይዣት ነበር፤ ብትፈስብኝም ሌላ መቀላቀል እንደምችል እያወቅሁ።

በሚቀጥለው ዓመት ጎሬዎች ታጥቀው መጡ። ጋሼ ዘርጋው አሸነፏቸው።